ራሱን የሚነዳ ትራክተር ወይስ ዘር የማይዘል መዝሪያ? ለኩታ ገጠም ማሳችን የትኛውን እናስቀድም?

የሰብል ባለሙያ፣ አዳማ | ሚያዝያ 9

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ከአዳማ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የሰብል ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። አባሎቻችን መሬታቸውን በኩታ ገጠም አያይዘው በቆሎ፣ ቦሎቄና ጤፍ ያመርታሉ። ማኅበሩ አንድ ትራክተር አለው፤ የምናርሰው በእርሱ ቢሆንም የምንዘራው ግን እስከ ዛሬ በእጅ ነው። አባላቱ ዘንድሮ ለዘር ሥራ የሚሆን መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ካጠራቀሙ በኋላ፣ ምን ይገዛ በሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ሳንስማማ ተለያይተናል።

ወጣቶቹ በትራክተሩ ላይ በጂፒኤስ የሚሠራ ራስ-መሪ እንዲገጠም ይፈልጋሉ። በስልካቸው የሚያዩት ነገር ልባቸውን ስቦታል፤ ይህም አይፈረድባቸውም። ጆን ዲር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፣ በስድስት ጥንድ ካሜራዎች ዙሪያውን እያየ ካቢኑ ውስጥ ሰው ሳይኖር የሚያርስ ትራክተር ለሕዝብ አሳይቷል፤ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስም የበቆሎና የአኩሪ አተር ሥራን በሙሉ ያለ ነጂ የማካሄድ ዕቅድ እንዳለው ገልጿል። ከዚያ በፊት ደግሞ በእንግሊዝ ሀገር የሃርፐር አዳምስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ሄክታር ገብስ፣ ሰው ወደ ማሳው ሳይገባ ዘርተው፣ ተንከባክበውና አጭደው 4.5 ቶን ያህል አስገብተዋል። እኔን በተለይ ያስገረመኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም የተጠቀሙበት ትራክተር ከገበያ የተገዛ ትንሽ ትራክተር እንጂ ለዚያ ሥራ ተብሎ የተሠራ አልነበረም።

አንጋፋዎቹ አባላት ግን በዚሁ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አራት መስመር የሚዘራ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለየ የሚጥል መዝሪያ ይገዛ ይላሉ። አንድ አባታችን በስብሰባው ላይ ተነሥተው «መሪውን ማን እንደያዘው ሳይሆን ፍሬው የት እንደወደቀ ንገሩኝ» ብለው ተቀመጡ። ያ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም።

በእኛ አካባቢ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ዓመት ብዙ ነው። እርሻ ቢበላሽ ይደገማል፤ ዳግም ባይሆን እንኳ በአረም ጊዜ ይካሳል፤ መሬቱ እርጥበት የያዘባቸው ጥቂት የዘር ቀኖች ግን ካመለጡ በዚያ ዓመት ተመልሰው አይገኙም። ስለዚህ ስህተት የምንሠራበት ጊዜ የለንም። በሥራው ያለፋችሁ ሁሉ ያያችሁትን እንድትነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ኦፕሬተር ከአሰላ መንገድ | ሚያዝያ 9

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የእኔም ጥያቄ ስለነበረ የማውቀውን ልንገርህ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ትራክተር ነድቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ አምስቱን ዓመት በአንድ ሰፊ የግል እርሻ ላይ ከመዝሪያ ጋር ነው የሠራሁት።

ስለ ራስ-መሪ የሚወራው ነጂን እንደሚያስቀር ተደርጎ ነው። በእውነቱ ግን በተለመደው ትራክተር ላይ የሚገጠመው መሣሪያ መሪውን ብቻ ነው የሚይዘው። ከማሳው ጫፍ ሲደረስ መዝሪያውን የሚያነሣው፣ ፍጥነቱን የሚመጥነው፣ ግራር ሥር ሲደርስ የሚያቆመው፣ ከፊት ለፊቱ ጥጃ ወይም ሕፃን ሲገባ ፍሬን ረግጦ የሚቆመው አሁንም ኦፕሬተሩ ነው። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው ካልከኝ፣ ጥቅሙ ዓይን ነው። ያለ እርሱ ስዘራ ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው፤ የመስመር ማመልከቻው ክንድ በአፈሩ ላይ የጫረውን ጭረት ፈልጌ ጎማዬን በእርሱ ላይ ማስኬድ አለብኝ፤ አቧራ ሲነሣ ደግሞ ጭረቱ አይታይም። ያን ጊዜ ከኋላዬ ያለው መዝሪያ ምን እየሠራ እንደሆነ የማየው በጨረፍታ ነው።

አንድ ዓመት ሌሊት ዘንቦ ጧት ለመዝራት ስንቸኩል፣ ከአራቱ የዘር መውረጃ ቱቦዎች አንዱ በጭቃ ተደፈነ። እኔ ወደ ፊት እያየሁ ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት ነዳሁ። ከአሥር ቀን በኋላ በቆሎው ሲበቅል፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ በየአራቱ መስመር አንዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያ ማሳ ይታየኛል። ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው፤ መዝሪያ ስትገዙ በየቱቦው ፍሬ ሲያልፍ የሚቆጥርና ሲቋረጥ የሚጮህ መቁጠሪያ ያለው ይሁን። ራስ-መሪ የሚሰጠኝን የዓይን ዕረፍት በከፊል ያ ጩኸት ይሰጠኛል፤ ዋጋውም ከራስ-መሪው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የመልካሳ ጎረቤት | ሚያዝያ 10

ለረጅም ዘመን በእርሻ መሣሪያዎች ጥገናና ሙከራ ላይ በቴክኒሺያንነት ሠርቼ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ኦፕሬተሩ ወንድማችን ጥፋቱን በግልጽ መናገሩ ለብዙዎች ትምህርት ስለሚሆን ምስጋናዬን ላቀርብለት እወዳለሁ።

አዛውንቱ አባል «ፍሬው የት እንደወደቀ ንገሩኝ» ማለታቸው ነገሩን ከሥሩ የያዘ አነጋገር ነው። በቆሎን በመስመርና በመስመር መካከል 75፣ በተክልና በተክል መካከል ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር አድርገን ስንዘራ፣ በሄክታር 53 ሺህ ያህል ተክል ይኖረናል፤ ይህም በ10 ሜትር መስመር ውስጥ 40 ፍሬ ማለት ነው። ስንዴም ሆነ ጤፍ ክፍተት ሲያገኝ ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ እያወጣ የጎደለውን በከፊል ይሞላል። በቆሎ ግን ያን ያህል አያደርገውም፤ ፍሬ ያልወደቀበት ቦታ እስከ አጨዳ ባዶ ነው፤ ሁለት ፍሬ የወደቀበት ቦታ ደግሞ ሁለት የቀጨጩ ተክሎች ይዞ ይከርማል። ጥልቀቱም እንዲሁ ነው። አንዱ ፍሬ በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ጎረቤቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከወደቀ ሁለተኛው ዘግይቶ ይወጣል፤ ዘግይቶ የወጣ በቆሎ ደግሞ ቀድሞ በወጣው ጥላ ሥር ሆኖ ውኃና ማዳበሪያ ከመሻማት ያለፈ ብዙም ምርት አይሰጥም።

ትራክተሩ የቱንም ያህል ቀጥ ብሎ ቢሄድ ከእነዚህ ጉዳቶች አንዱንም አያድንም። የሚያድነው የመሬቱ ዝግጅትና የመዝሪያው የዘር መመጠኛ፣ ማለትም ፍሬውን አንድ በአንድ የሚለየው ባለ ቀዳዳ ዲስክ ነው። ጓሉ ያልተሰበረ መሬት ላይ ውድ መዝሪያ ማስገባት መዝሪያውን ማንገላታት ነው፤ ቦይ ከፋቹ በጓሉ ላይ እየዘለለ ጥልቀቱን ያበላሸዋል። በርካታ መዝሪያዎች ዘር የሚጥሉት በገዛ ጎማቸው እየተነዱ ስለሆነ፣ ጎማው በለሰለሰ አፈር ላይ ሳይዞር ከተንሸራተተ የዘሩ ቁጥር ይቀንሳል። ፍጥነት ሲበዛም የመመጠኛው ዲስክ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ፍሬ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም፤ የተያዘውም ቱቦው ውስጥ እየነጠረ ይወርዳል።

ከመዝራታችሁ በፊት መዝሪያውን እንዲህ ፈትሹት። በክሪክ አንሡትና ጎማው በነጻ እንዲዞር አድርጉ። የጎማው ክብ በመሐሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ዙሩ 1.88 ሜትር ይሆናል፤ 20 ጊዜ ብታዞሩት መዝሪያው 37.7 ሜትር የተጓዘ ያህል ነው። በየቱቦው ሥር ከረጢት እሰሩና የወረደውን ፍሬ በእጃችሁ ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ ቱቦ 150 ያህል ፍሬ መገኘት አለበት። አንዱ ቱቦ 150፣ ሌላው 120 ከሰጠ ዲስኩ ከዘሩ መጠን ጋር አልገጠመም ወይም ተበልቷል ማለት ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሆኖም በማሽን ከሚዘሩት ውስጥ ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ስለ ጤፍ ደግሞ ለይቼ ልናገር። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሺህ ፍሬ የሚገኘው ክብደትም ከግማሽ ግራም በታች ነው። ገበሬው በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ይዘራ የነበረውን በመስመር ወደ 3 እና 5 ኪሎ ለማውረድ ከአሥር ዓመት በፊት በሀገር ደረጃ ትልቅ ጥረት ሲደረግ፣ ሰው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን እየበሳ ጎንበስ ብሎ ሲዘራ አይቻለሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የወገብ ድካሙና የሚፈልገው የሰው ብዛት ግን ብዙዎችን ወደ ብተና መለሳቸው። ለበቆሎ የተሠራ መዝሪያ ይህን ፍሬ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሻጭ «ለሁሉም ሰብል ይሆናል» ቢላችሁ፣ በዓይናችሁ ፊት ጤፍ እንዲዘራ ጠይቁት።

ቀያሽ | ሚያዝያ 10

ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። እርሻ ላይ ያለኝ ዕውቀት ትንሽ ቢሆንም ስለ ጂፒኤሱ ጥቂት ማለት እችላለሁ፤ ምናልባትም ስብሰባችሁ ያልጠየቀውን ጥያቄ አነሣላችሁ ይሆናል።

በስልካችሁ ላይ ያለው ዓይነት ተራ የሳተላይት መቀበያ በሜትሮች ይሳሳታል፤ በ75 ሴንቲ ሜትር መስመር ለመዝራት አይሆንም። 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ ትክክለኛነት የሚገኘው አርቲኬ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ቦታው በትክክል በሚታወቅ ነጥብ ላይ አንድ መቀበያ ይተከልና በዚያ ሰዓት የሚታየውን የሳተላይት ስህተት እያሰላ በሬዲዮ ወይም በሞባይል ኢንተርኔት ለትራክተሩ ይልካል። ትራክተሩ ከዚያ ነጥብ በራቀ ቁጥር እርማቱ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ራስ-መሪ መግዛት ማለት ስክሪንና አንቴና መግዛት ብቻ አይደለም፤ የእርማት ምንጭም ማዘጋጀት ነው። የራሳችሁን ጣቢያ በሬዲዮ ለማሠራት ካሰባችሁ የሞገድ ፈቃድን ጉዳይ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሁለተኛው ነገር ተዳፋት ነው። አንቴናው በካቢኑ ጣሪያ ላይ፣ ከመሬት 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ትራክተሩ 10 በመቶ ያዘነበለ ጎን ላይ ሲሄድ አንቴናው ከጎማዎቹ መሐል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወጣል። ዝንባሌውን ለክቶ የሚያርም መሣሪያ ካልተጨመረ መስመራችሁ በሙሉ ይዛባል። ትራክተሩ ቀጥ ቢልም የተጎተተው መዝሪያ በራሱ ክብደት ወደ ቁልቁል ይንሸራተታል።

ሦስተኛ፣ ሀገራችን የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በላይዋ ከሚያልፍባቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ቀበቶ ውስጥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ የላይኛው አየር እየተረበሸ የሳተላይቱን ሲግናል ያቆራርጠዋል። ለሰኔ ዘር ችግሩ የቀለለ ነው፤ «ሌሊትም እንዘራለን» ብሎ ለሚያቅድ ግን ማወቁ ይጠቅማል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል ምድርን ሲመታ፣ በአሜሪካ የበቆሎ ዘር ወቅት ስለነበረ በራስ-መሪ የሚዘሩ ብዙ ገበሬዎች መስመራቸው እየተዛባ ሥራ ለማቆም ተገደው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ማሳችሁ ኩታ ገጠም ነው ብላችኋል፤ ነገር ግን በአባላቱ መሬት መካከል ያለው ድንበር አለ ወይስ ታርሷል? የአንድ ሰው መሬት 50 በ100 ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው እንበል። አራት መስመር የሚዘራው መዝሪያ 3 ሜትር ስለሚሸፍን ይህን መሬት ለመጨረስ 17 ጊዜ ይመላለሳል፤ 16 ጊዜ ይዞራል። እንዲህ ያሉ አምስት መሬቶች በርዝመታቸው ቢደረደሩና እያንዳንዱ ለብቻው ቢዘራ 80 ጊዜ መዞር አለ። ድንበሩ ለዘሩ ጊዜ ተነሥቶ ትራክተሩ 500 ሜትሩን በአንድ ጉዞ ቢሄድ ግን የሚዞረው ያንኑ 16 ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዙር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ 40 ደቂቃው ወደ 8 ይወርዳል፤ በመዞሪያ ጫፍ ላይ የሚበላሸው ዘርና የሚረገጠው መሬትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የምትገዙት የትኛውም መሣሪያ ይህን ስምምነት ሊተካላችሁ አይችልም።

ሰው ድንበሩን ማንሣት የሚፈራው በአጨዳ ጊዜ ጎረቤቱ እንዳይገፋው ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። የሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ያለው መቀበያ ለእናንተ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድንበሩ ከመነሣቱ በፊት ማዕዘኖቹ ባለቤቶቹ ባሉበት ይለካሉ፤ ሰብሉ ሲደርስ በዚያው ነጥብ ላይ ተመልሰው ይተከላሉ። ይህን ለማድረግ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ቀያሽ ለጥቂት ቀናት መቅጠር ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። በሀገራችን የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው። ዩቲኤም በሚባሉት፣ ቦታን በሜትር በሚያመለክቱ የካርታ ቁጥሮች ሲታይ የሁለቱ ልዩነት በእኛ አካባቢ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ ነው። የአዲንዳን ቁጥር ሳይቀየር በትራክተሩ ስክሪን ላይ ቢጫን፣ ትራክተሩ የሌላ ሰው ማሳ ላይ መሥመር ያወጣላችኋል።

የአምስተኛ ዓመት ተማሪ | ሚያዝያ 11

እኔ የምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ አግኦፕንጂፒኤስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር እንዳለ ለመጠቆም ነው። በአሮጌ ትራክተር መሪ ላይ ሞተር አስገጥመው ራሳቸው ገበሬዎች የሚያሠሩት ነው። በዴንማርክ የሚሠራው ፋርምድሮይድ የተባለ ሮቦት ደግሞ በፀሐይ ኃይል እየሠራ፣ ዘሩን የጣለበትን ነጥብ በአርቲኬ መዝግቦ ይይዝና ተክሉ ገና ሳይወጣ እንኳ ተመልሶ በመሐሉ ያርማል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ቢሆንም፣ ትንሽ ማሽን ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ብዙ ሊጨርስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለእኛ ትናንሽ መሬቶች የሚስማማ አይመስላችሁም?

የመልካሳ ጎረቤት | ሚያዝያ 11

ልጄ፣ ሐሳቡ ይስማማል፤ ዘርና አረምን በአንድ መዝገብ ማያያዙ እኔንም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ገበሬው በመስመር የሚዘራው በዋነኛነት ለማረምና ለሽልሻሎ፣ ማለትም የበቀለውን ሰብል በመስመሩ መሐል ለመኮትኮት፣ እንዲመቸው ነው። ሞተሩን በአሮጌ ትራክተር ላይ ለመሞከር ከፈለግህ ግን፣ ሰው በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ጀምር፤ መሪው ሲያዝ ሞተሩን ወዲያው የሚያቋርጥ ማጥፊያም አስቀድመህ ሥራለት።

የገበሬ ልጅ | ሚያዝያ 12

ሁላችሁንም በጥሞና አነበብኩ። የምናገረው ስለ እናቴ ነው።

እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ ሦስት ጥማድ የሚሆን መሬት በስሟ አላት፤ በሬ ግን የላትም። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹን ታገኛለች። ከግማሹ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ጊዜው ነው። በሬ ያለው ሰው መጀመሪያ የራሱን ይዘራል፤ ይህ ተፈጥሮአዊ ነው። ቀጥሎ የወንድሙን ይዘራል፤ የእናቴ መሬት ተራ የሚደርሰው መጀመሪያ የገባው እርጥበት ከደረቀ በኋላ ነው። አንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ ከአንድ ድንበር ማዶ፣ የጎረቤቱ በቆሎ ወገብ ሲደርስ የእርሷ ገና ጉልበት አልደረሰም። ይህን በየዓመቱ አይቼ አድጌያለሁ።

ቀያሹ ወንድማችን ትራክተሩ አምስቱን መሬት በአንድ ጉዞ ቢያልፍ የሚዞርበት ጊዜ ይቀንሳል ብለዋል። እኔ በዚያ ውስጥ ሌላ ነገር ታየኝ። ትራክተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ከሄደ፣ የሊቀ መንበሩም የእናቴም መሬት በአንድ ቀን፣ በአንድ እርጥበት ላይ ይዘራል። ተራ የሚባል ነገር አይኖርም። የማኅበሩ ባለሙያ ሆይ፣ እባክዎ በመተዳደሪያችሁ ላይ ይህን አስገቡት፤ መዝሪያው የሚሄደው በሰው ስም ዝርዝር ሳይሆን በማሳው ቅደም ተከተል ይሁን።

የጭላሎ ልጅ | ሚያዝያ 13

እኅቴ የተናገሩት ልብ ይነካል። ሆኖም ዕድሜዬ ያሳየኝን ሳልናገር ብቀር ኃላፊነቴን እንዳልተወጣሁ እቆጥረዋለሁ።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሲቋቋም እኔ ልጅ ነበርኩ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ የስንዴው ምርት ጨመረ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ፕሮጀክቱ የታሰበው ለአነስተኛ ገበሬ ቢሆንም፣ እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ማሳረስ ሲጀምሩ ጭሰኛው አላስፈላጊ ሆነ። ብዙ ቤተሰብ ትውልድ ከኖረበት መሬት ተነሣ። ትራክተሩ በራሱ ማንንም አላፈናቀለም፤ ያፈናቀለው መሬቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሥርዓት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ።

ዛሬ መሬት አይሸጥም፤ ነገሩ ያኔ እንደነበረው አይደለም። ቢሆንም የምጠይቀው አለኝ። የእኅታችንን እናት መሬት በእኩል የሚያርሰው ሰውዬ ማን ነው? ምናልባት ሁለት በሬ ያለው፣ የራሱ መሬት ግን የማይበቃው፣ ልጆቹን በዚያ እኩል የሚያሳድግ ወጣት አባወራ ይሆናል። መዝሪያው ሲመጣ እርሱ ወዴት ይሄዳል? መሣሪያው አይገዛ አልልም። ይህን ሰው ስብሰባችሁ ላይ ጥሩትና ፊቱን እያያችሁ ወስኑ።

የገበሬ ልጅ | ሚያዝያ 13

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ጎረቤታችን ነው፤ አባቴ ሲያርፍም ድንኳኑን የተከለልን እርሱ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደውዬ እናቴን አነጋገርኳት። የተስማማንበት ይህ ነው፤ በቆሎው መሬት በማኅበሩ መዝሪያ ይዘራል፤ የጤፉ መሬት ግን ከእርሱ ጋር በእኩል ይቀጥላል። የመልካሳው አባታችን እንዳሉት መዝሪያው ጤፍ አይዘራም፤ ጤፍ ደግሞ ተደጋጋሚ እርሻና ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ለሁሉም ቤት መልስ ላይሆን ይችላል፤ ለእኛ ቤት ግን ለዘንድሮ ይሠራል።

የሰብል ባለሙያ፣ አዳማ | ግንቦት 3

መልካም ዜና ይዤ መጥቻለሁ። የዚህን ውይይት ዋና ዋና ሐሳቦች በወረቀት አትሜ ለሦስተኛው ስብሰባ አቀረብኩ፤ በእኩል የሚያርሱ አራት ሰዎችም ተጠርተው ተገኙ። ከነርሱ አንዱ በስብሰባው ላይ መዝሪያውን እየተከታተለ ዘርና ማዳበሪያ የሚሞላ፣ ድንጋይ የሚለቅምና የተደፈነ ቱቦ የሚያጸዳ ሰው እንደሚያስፈልግ አንሥቶ፣ ያ ሥራ በክፍያ ለነርሱ እንዲሰጥ ጠየቀ። ጥያቄው ጸድቋል። ከእኩል ያገኙት የነበረውን ያህል ገቢ ግን አይሆንላቸውም፤ ይህን እነርሱም እኛም ተነጋግረንበታል፤ መፍትሔውን ገና እየፈለግን ነው።

በግዢው ላይ፣ አራት መስመር የሚዘራ፣ በየቱቦው መቁጠሪያ ያለው መዝሪያ እንዲገዛ ተወስኗል። የራስ-መሪው ጉዳይ ለሁለት ዓመት ተላልፏል። ወጣቶቹ ቅር ቢላቸውም፣ ከነርሱ መካከል ሁለቱ ከቀያሽ ጋር ሆነው ማዕዘኖቹን እንዲለኩ ስለተመረጡ ሥራውን በደስታ ይዘውታል። ለጊዜው ድንበራቸው እንዲነሣ የተስማሙት የአሥራ አንድ አባላት መሬቶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት «ዘንድሮ እንይ» ብለዋል። በዚያ ክፍል መዝሪያው በማሳው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ኦፕሬተር ከአሰላ መንገድ | ግንቦት 3

ለመጀመሪያው የዘር ቀን ኦፕሬተራችሁ አዲስ ከሆነ ደውሉልኝ፤ መጥቼ አብሬው እቀመጣለሁ። ክፍያ አልፈልግም። በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ብቻ ከአሁኑ ንገሩት።

የሰብል ባለሙያ፣ አዳማ | ሐምሌ 2

ዘሩ በሰኔ አጋማሽ ተጠናቀቀ። ኦፕሬተሩ ወንድማችን እንደ ቃሉ መጥቶ ሁለት ቀን አብሮን ውሏል። መዝሪያውን በክሪክ አንሥተን ስንፈትሸው ሦስቱ ቱቦዎች ከ148 እስከ 152 ፍሬ ሲሰጡ አራተኛው 117 ብቻ ሰጠ፤ ዲስኩን ስንቀይረው ተስተካከለ። ያን ግማሽ ቀን ባንሰጠው ኖሮ ከየአራቱ መስመር አንዱ ዘር ይጎድለው ነበር።

ትናንት በየቦታው 10 ሜትር እየለካን የበቀለውን ቆጠርን። ድንበሩ በተነሣበት ክፍል፣ በማሳው መሐል፣ ከ40 ፍሬ ከ34 እስከ 37 በቅሏል። በትራክተሩ መዞሪያ ጫፎች ላይ ግን ከ20 እስከ 25 ብቻ ነው፤ ኦፕሬተራችን መዝሪያውን ዘግይቶ ያወርድ እንደነበረ ያሳያል። ድንበራቸው ባልተነሣ መሬቶች ላይ ጫፉ ስለሚበዛ ጉድለቱም በዓይን ይታያል፤ ሦስት አባላት ይህን አይተው ለሚቀጥለው ዓመት ማዕዘናቸው እንዲለካ ከአሁኑ ተመዝግበዋል። የገበሬ ልጅ እኅታችን እናት መሬት ከሊቀ መንበሩ መሬት ጋር በአንድ ከሰዓት ተዘርቶ፣ በአንድ ቁመት ላይ ቆሟል።

አሁን የጫፎቹን ክፍተት በቦሎቄ ለመሙላት አስበናል። በቆሎው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቦሎቄ በመሐሉ አሁን ቢዘራ ይደርሳል ወይስ ጥላው ይጎዳዋል? ሌላው ጥያቄዬ የሽልሻሎው ነው። መስመሮቹ በአራት በአራት እኩል ቢሆኑም፣ አንዱ የትራክተር ጉዞ ከሚቀጥለው ጋር የሚገናኝበት መስመር በአንዳንድ ቦታ 60፣ በአንዳንድ ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። በትራክተር ለመኮትኮት ብንገባ በጠበበው ቦታ ተክሉን እንቆርጣለን ብዬ እሰጋለሁ።

የመልካሳ ጎረቤት | ሐምሌ 2

ቦሎቄውን በዚህ ሳምንት ዝሩት፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዝናቡ አያደርሰውም። ሽልሻሎውን በተመለከተ፣ መኮትኮቻው እንደ መዝሪያው አራት መስመር ያለው ይሁንና ትራክተሩ ዘሩን የዘራበትን ጉዞ ተከትሎ ይግባ፤ እንዲህ ከሆነ በመኮትኮቻው መሐል ያሉት መስመሮች ሁልጊዜ እኩል ናቸው። ጉዞና ጉዞ የሚገናኝበትን መስመር በበሬ አስኮትኩቱት፤ በእኩል የሚያርሱት ሰዎች በሬዎቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ ክፍያቸውም አስቀድሞ ይነገራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የራስ-መሪው ጉዳይ ሲነሣ ይህን የ60 እና የ90 ሴንቲ ሜትር ልኬት በመዝገባችሁ ላይ አቆዩት፤ መሣሪያው ሊያስተካክልላችሁ የሚገባው ስህተት ይህ ነውና፣ ገንዘቡን የሚያወጣ መሆን አለመሆኑን በዚያ መለካት ትችላላችሁ።